ጤና አዳም፣ አረንጓዴ ካርቶንና የጎመን ዝንብ

ጎረቤቴ እማማ ጎመን ተክለው ጤና አዳም ሳያስከትሉ አያድሩም። በየአራት አምስቱ ጎመን መካከል አንድ እግር ጣል ያደርጋሉ። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው «ሽታውን ሲሰማ ይሸሻላ!» ይሉኛል። ማን እንደሚሸሽ አይናገሩም። ተባይ የተባለ ሁሉ ነው መሰለኝ።

እኔም ለዓመታት ይህንኑ ይዤ ኖሬያለሁ። ጎመኔ ዙሪያ በሶብላ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ የጥብስ ቅጠል ስተክል ከርሜያለሁ። አንዳንዱ ዓመት የሠራ ይመስለኛል። በሌላው ዓመት ክሽክሹ፣ ያ የተክል ጭማቂ የሚመጥ ጥቃቅን ነፍሳት፣ በሶብላውን ዞር ብሎም ሳያየው ጎመኑ ላይ ድንኳን ይጥላል። ያን ጊዜ «በሶብላው አንሶ ይሆናል» እላለሁ። እንዲህ ያለ እምነት መቼም አይረታም። ሲሠራ ሽታው ነው የሠራው፤ ሳይሠራ ሽታው አንሶ ነው።

ተክልን ከተክል አጎዳኝቶ ተባይ መከላከል በየአገሩ ያለ የአትክልተኛ ዕውቀት ነው። «የሚያባርረው ሽታው ነው» የሚለውን ግን ቁጭ ብለው፣ እንቁላል እየቆጠሩ የፈተኑት ሰዎች አሉ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ እነሱ ነው። ነገሩ የሆነው እንግሊዝ አገር ነው። ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍኩት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ዌልስቦርን

ዌልስቦርን ዋሪክሸር ውስጥ ያለች መንደር ናት። ሼክስፒር ከተወለደባት ከተማ ብዙም አትርቅም። በ1949 የአገሪቱ የአትክልት ምርምር ጣቢያ እዚያ ተቋቋመ። ስሙ በየጊዜው ሲቀያየር ቆይቶ በ2004 ወደ ዋሪክ ዩኒቨርሲቲ ተጠቃለለ። ሥራው አልተቀየረም። ሽንኩርት፣ ካሮት፣ ጥቅል ጎመን፣ እነዚህንም የሚበሉ ነፍሳት።

የዚያ አገር ጎመን አምራች ቀንደኛ ጠላት አንዲት ዝንብ ናት። የጎመን ሥር ዝንብ ይሏታል። ላያት ሰው የቤት ዝንብ ትመስላለች፤ ትንሽ አነስ ያለች ግራጫ ዝንብ ናት። ቅጠል አትበላም። ከጎመኑ ግንድ ሥር አፈሩ ውስጥ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ የሆኑ፣ የሩዝ ፍሬ የሚመስሉ ነጫጭ እንቁላሎች ትጥላለች። ትሎቹ ሲፈለፈሉ ወደ ሥሩ ይወርዳሉ። ላይ ላዩን ጎመኑ ደህና ነው። አንድ ፀሐያማ ቀን ግን ጠውልጎ ይገኛል። ውሃ ቢያጠጡት አይነሳም። ሳብ ሲያደርጉት ምንም ሳይታገል እጅ ላይ ይመጣል። ሥሩ ተበልቶ አልቋላ።

በ1950ዎቹ አልድሪንና ዲየልድሪን የተባሉ መድኃኒቶች ችግሩን የፈቱ መስለው ነበር። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ላይ ዝንቧ ተላመደቻቸው። መድኃኒቶቹም ለሰውና ለአካባቢ አደገኛ መሆናቸው ታውቆ ውለው አድረው ታገዱ። ሌሎች ተተኩ፤ እነሱም በተራቸው ጣጣ አመጡ። ያለ መድኃኒት ምን ማድረግ ይቻላል የሚለው ጥያቄ እንግዲህ የቅንጦት ጥያቄ አልነበረም።

አንድ ነገር ቀድሞም ይታወቃል። ጎመን ለብቻው ሲተከልና ከሌላ ተክል ጋር ተደባልቆ ሲተከል ተባዩ እኩል አያጠቃውም። በ1973 ሪቻርድ ሩት የተባሉ አሜሪካዊ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ይህን በሰፊው ጽፈውታል። ለብቻው የተተከለው ጎመን ላይ እንደ ቁንጫ የሚዘሉ ጥቃቅን ጥንዚዛዎች ይበዛሉ። ሣርና ቁጥቋጦ መሃል የተተከለው ላይ ያንሳሉ። ለምን? እዚህ ላይ ነው መልሱ የተለያየው። ምግቡ አንድ ቦታ ሲከማች ያገኘው ነፍሳት አይለቅም ያለ አለ። ድብልቁ ውስጥ ተባይ የሚበሉ ነፍሳት ይበዛሉ ያለ አለ። የሌላው ተክል ሽታ የጎመኑን ሽታ ይሸፍናል ያለም አለ። ሽታው ያባርራል የሚለው፣ ማለትም የእማማ መልስም ከነዚሁ አንዱ ነው።

ወረቀትና ማገጥ

የዌልስቦርኑን ሥራ ከመሩት መካከል ስታን ፊንችና ሮዝመሪ ኮሊየር ይገኙበታል። ሮዝመሪ ማለት የጥብስ ቅጠል ነው። የተክል መዓዛ ተባይ ያባርራል ወይ ለሚል ጥናት ከዚህ የተሻለ ስም ከየት ይመጣል?

በብዛት የተጠቀሙት ተክል ክሎቨር ነው፤ የኛ ማገጥ ዘመድ። ሦስት ሦስት ቅጠል ያለው፣ በየሜዳው ከብት የሚወደው ማለት ነው። ጎመኑን በሁለት መንገድ አቀረቡት። አንዱን ባዶ አፈር ላይ፣ ሌላውን በማገጥ ተከቦ። ዝንቦቹን ለቀቁ። ከዚያ ግንዱ ሥር ያለውን አፈር እየወሰዱ እንቁላል ቆጠሩ።

ባዶ አፈር ላይ ከቆመው ጎመን ዘንድ ከደረሱት ዝንቦች 36 በመቶው እንቁላል ጣሉ። በማገጥ በተከበበው ግን 7 በመቶው ብቻ።

እስካሁን የሚያስደንቅ ነገር የለም። ማገጥ ይረዳል፤ በቃ። እነሱ ግን እዚህ አላቆሙም። ማገጡን በአረንጓዴ ወረቀትና ካርቶን ተኩት። ወረቀት አይሸትም። ነፍስም የለውም። አረንጓዴው ወረቀት ልክ እንደ ማገጡ ዝንቧን አወናበዳት። በሌላ ሙከራ ደግሞ ማገጡ ባለበት ደርቆ ቡናማ እንዲሆን ተዉት። ጎመኑ አሁንም እንደተከበበ ነው። የከበበው ነገር ግን አረንጓዴነቱን አጥቷል። ጥበቃውም አብሮ ጠፋ። እንቁላሉ ባዶ አፈር ላይ እንዳለው ጎመን ሆነ።

ይህን መጀመሪያ ሳነብ ጤና አዳሜን በሌላ ዓይን አየሁት።

በ2003 የወጣው ጥናታቸው ጉዳዩን ፊት ለፊት ገጠመው። 24 ዓይነት ተክሎችን አንድ በአንድ ከጎመንና ከሽንኩርት ጋር አቀረቡ። ሽንኩርቱ የተጨመረው የራሱ ዝንብ ስላለው ነው። ከተክሎቹ መካከል በአትክልተኞች ዘንድ «ተባይ ያባርራሉ» የሚባሉ መዓዛማ ተክሎች አሉ። ተራ የግቢ አበቦች አሉ። ማንም የሚነቅለው አረምም አለ። ውጤቱ ለመዓዛ ወዳጆች መራራ ነው። አረሙ ከመዓዛማው ተክል ባልተናነሰ ዝንቧን አደናገረ። ሽታው ብቻውን ሲመዘን የእንቁላሉን ቁጥር አልቀነሰም። ልዩነት ያመጣው ሌላ ነገር ነው። ቁመቱ አጭር፣ ቅጠሉ ትንሽ ወይም ቀለሙ ወደ ቀይና ግራጫ የሚያደላ ተክል ያን ያህል አልጠቀመም። ቅጠለ ሰፊ አረንጓዴ የሆነው ጠቀመ።

የዝንቧ እግር

ታዲያ አረንጓዴ ምን ስለሚያደርግ ነው? ፊንችና ኮሊየር በ2000 ያቀረቡት ማብራሪያ በጣም ደስ ይለኛል። ምክንያቱም ዝንቧን አጠገቧ ቁጭ ብሎ ያየ ሰው ብቻ የሚያመጣው ነው።

ዝንቧ እየበረረች ነው እንበል። ከታች የጎመን ሽታ ይመጣል። ሽታው «በዚህ በኩል» ብሎ እጇን ይዞ አይወስዳትም። «ውረጂ» ብቻ ነው የሚላት። ሽታ ድርሻ የለውም ማለት እንዳልሆነ ልብ በሉ፤ ድርሻው ያለው የጎመኑ ሽታ ነው። ትወርዳለች። ስትወርድ ቡናማ አፈር ላይ ማረፍ አትፈልግም። አረንጓዴ ነገር ትመርጣለች። የጎመን አረንጓዴ ይሁን የማገጥ አረንጓዴ በዓይኗ አትለይም።

የምትለየው በእግሯ ነው። የዝንብ እግር ይቀምሳል። ጎመን ቅጠሉ ገጽ ላይ ግሉኮሲኖሌት የሚባሉ ኬሚካሎች አሉት። ሰናፍጭ አፍንጫችንን የሚያቃጥለን ከነሱ በሚወጣ ነገር ነው። ዝንቧ ቅጠሉ ላይ ዱብ ትላለች፣ ጥቂት ትራመዳለች፣ ትነሳለች፣ አጠር ያለ ዙር በራ እንደገና ታርፋለች። አንዴ ቀምሳ አትወስንም። በአማካይ አራት ጊዜ ያህል በተከታታይ ጎመን ላይ ማረፍ አለባት። ከዚያ በኋላ ነው በግንዱ ወርዳ እንቁላሏን የምትጥለው።

በርበሬ የምትገዛ ሴትን አስቡ። አንድ ዛላ አይታ ብሩን አትቆጥርም። ከዚህም ከዚያም ትዘግናለች፣ ትሰብራለች፣ ታሸታለች። ከአራቱ አንዱ ሻጋታ ከሆነ ትታ ወደ ሌላው ነጋዴ ትሄዳለች። ዝንቧም እንደዚያ ናት። ባዶ አፈር ላይ በቆመ ጎመን ዙሪያ ስትዞር ያለው አረንጓዴ ጎመን ብቻ ስለሆነ አራቱም ማረፊያ ጎመን ይሆንላታል። ማገጥ መሃል ግን ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ማረፊያዋ ማገጥ ይሆናል። እግሯ «አይደለም» ይላታል። ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል። የማይሆን ቅጠል ላይ ስታርፍ ደግሞ ቶሎ አትነሳም፤ ከጎመኑ ይልቅ እዚያ ረዘም ላለ ጊዜ ትቆያለች። ጥቂት ጊዜ እንዲህ ከሆነባት ትታው ትሄዳለች።

አባራሪ የለም፤ ተባራሪም የለም። ዝንቧ ያረፈችው የተሳሳተ ወንበር ላይ ነው፤ ያ ብቻ ነው።

ይህን ካወቅሁ ወዲህ አንድ ነገር ይከነክነኛል። እኛ ዘንድ ጥሩ ጓሮ ማለት የታረመ ጓሮ ነው። በጎመኑ መካከል አንዲት ሣር ካለች ባለቤቱ ሰነፍ ይባላል። አፈሩ ተኮትኩቶ፣ ቡን ብሎ፣ እያንዳንዱ ጎመን ለብቻው እንደ ሙሽራ ቆሞ ሲታይ እሰየው ነው። ለዝንቧም እሰየው ነው። ካርታ ሥሎ እንደ መስጠት ነው።

ኪሳራው

አሁን ወደማይወራው እንምጣ። እንቁላል የሚጥሉትን ዝንቦች ወደ 7 በመቶ ያወረደው ማገጥ ጥሩ ጥቅል ጎመንም አልሰጠም። ውሃውን ይሻማል፣ ምግቡን ይሻማል። ጎመኑ ኮስምኖ ይቀራል። አረም የሚታረመው በከንቱ አይደለማ። ዝንቧን አሸንፎ ጎመኑን ማጣት «ከድጡ ወደ ማጡ» ነው።

የቁመት ነገርም አለ። ማገጡ መሬት ላይ መነጠፉ ብቻ አይበቃም። ከጎን ሲታይ የጎመኑን ቁመት ግማሽ ያህል መሸፈን እንዳለበት ነው የታየው። ችግኝ ሳለ ይህ ቀላል ነው። ጎመኑ ሲያድግ ግን ማገጡም አብሮ ማደግ አለበት። ይህ ደግሞ ሽሚያውን ያብሳል። ስለዚህ ብዙ ገበሬዎች ነገሩን ሰምተው አልተቀበሉትም። አልፈርድባቸውም።

ኔዘርላንድስ ውስጥ ያን ቴዩኒሰን የተባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው በ1995 ያወጡት ሥራ ትንሽ ተስፋ ይሰጣል። ከማገጥ ጋር ያደገው ጥቅል ጎመን ክብደቱ ቀነሰ። ነገር ግን በተባይ ያልተበላ፣ ንጹሕ ጎመን ስለሆነ ዋጋው ተሻለ። ሲደመር ገበሬው አልከሰረም፤ እንዲያውም አተረፈ። ሰውየው የሚሸጠው በኪሎ ብቻ ካልሆነ ሒሳቡ ይለወጣል ማለት ነው።

እኛ ጓሮ ሲመጣ

የጎመን ሥር ዝንብ የብርድ አገር ተባይ ናት። የኛ ጎመን ራስ ምታቶች ሌሎች ናቸው። ክሽክሽ አለ። ጀርባዋ ላይ የአልማዝ ቅርጽ የተደረደረባት ትንሽ የእሳት እራትም አለች፤ ልጆቿ የጥቅል ጎመንን ቅጠል ወንፊት የሚያደርጉት። ይህች እራት ቀላል አይደለችም። በ1953 ኢንዶኔዥያ ውስጥ ዲዲቲን የተቋቋመች፣ ከሰብል ተባዮች መካከል በዚህ ቀዳሚዋ ናት። ዛሬም በየሳምንቱ የሚረጭባት መድኃኒት የማይገድላት ብዙ ቦታ ነው።

ደስ የሚለው ግን ፊንች ከሌላ ባልደረባቸው ጋር ያደረጉት የ1997 ሙከራ የሥሯን ዝንብ ብቻ አልያዘም። ስምንት የጎመን ተባዮች ተፈትነዋል፤ ክሽክሹም እራቷም ከነሱ መካከል ናቸው። እነዚህም ባዶ አፈር ላይ የቆመውን ጎመን መረጡ። ስለዚህ ጉዳዩ እኛንም ይመለከተናል።

የተክል በሽታንስ ይከላከላል? አንድ መንገድ አለ። ክሽክሽ ቫይረስ ተሸካሚ ነው፤ እሱም ቢሆን ክንፍ አውጥቶ ሲበር አረንጓዴውን ከባዶ አፈር ለይቶ ነው የሚወርደው። በአፍሪካ ለውዝ አምራቾች ዘንድ ይህ ቆየት ያለ ዕውቀት ነው። ጥቅጥቅ ተደርጎ የተዘራ ለውዝ፣ ክሽክሽ የሚያመጣው ሮዜት የሚባል በሽታ ያነሰ ይይዘዋል። አፈሩ ቶሎ በቅጠል ይሸፈናል፤ ክሽክሹም ይስታል። የሻጋታ በሽታ ግን ሌላ ታሪክ ነው። በጣም ተጠጋግቶ እርጥበት አልወጣ ያለውን ጓሮ ሻጋታው ራሱ ይወደዋል። በክረምት ይህን ያላሰበ ሰው ጉድ ይሆናል።

ማሪጎልድንም ላንሳ፤ ሳልጠየቅ አልቀርም። ያቺ ብርቱካንማ የግቢ አበባ የአፈር ውስጥ ትላትሎችን፣ ኔማቶድ የሚባሉትን እንደምትጎዳ እውነት ነው። ይህን የምታደርገው ከሥሯ በሚወጣ ኬሚካል ነው እንጂ በአበባዋ ሽታ አይደለም። ደግሞም መሬቱን ለወራት ሙሉ በሙሉ ስትሸፍነው ነው። ቲማቲም አጠገብ ሁለት እግር ማሪጎልድ ለዓይን ነው።

አሁን ጎመኔ መካከል ምን እንደማደርግ ልንገራችሁ። ይህ የራሴ ግምት ነው፤ ዌልስቦርን አላደረገውም። ማገጡን ትቼ የሚበላ አረንጓዴ ነው የምፈልገው። ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ፎሶሊያ፣ ድንብላል። ቦታ ቢሻሙም ድስት ውስጥ ይገባሉ። ከጎመኑ ሁለት ሦስት ሳምንት ቀድሜ እዘራቸዋለሁ። ችግኙ ሲመጣ አረንጓዴው ጠብቆ ይቀበለዋል። ጎመኑ ካየለ በኋላ ጎረቤቶቹን እየቀነስኩ እበላለሁ።

አንድ ስህተት ሠርቼ ነበር፤ እናንተ አትድገሙት። መካከሉን በፌጦ ሞላሁት። ለካ ፌጦም ሰናፍጭም ጎመን ዘርም ያው የጎመን ቤተሰብ ናቸው። ክሽክሹ የተሳሳተ ወንበር ላይ ሳይሆን ተጨማሪ ወንበር ላይ ነው የተቀመጠው።

እማማ ጤና አዳም ለምን ሁሌ እንደማይሠራላቸውም አሁን ገባኝ። ለአምስት ጎመን አንድ እግር፤ ቅጠሉ ቀጭን፣ ቀለሙም ወደ ሰማያዊ ግራጫ የሚያደላ። ተባይ የሚያሳስት አረንጓዴ የለውም። ይህን በአክብሮት አስረዳኋቸው። ስለ ወረቀቱም ነገርኳቸው። ማገጥ ውሃ ይሻማል፣ ካርቶን ግን አይሻማም፤ ሃያ እግር ጎመን ላለው ጓሮ ማን ይከለክለኛል ብዬ የማኪያቶ ወተት የመጣበትን ካርቶን ቆራርጬ አረንጓዴ ቀለም ቀብቼ በጎመኑ መካከል ሰክቼው ነበር። ያን ቀን ማታ ዘነበ። ጠዋት እማማ በአጥሩ በኩል አዩት። ካርቶኑ አንገቱን ደፍቶ፣ ቀለሙ አፈሩ ላይ ፈሷል።

ብዙ ጊዜ ዝም ብለው ተመለከቱት።

«ልጄ» አሉኝ፣ «እኔ ጤና አዳሜን ቡናዬ ውስጥ እጥለዋለሁ። አንተ ይሄን ምን ታደርገዋለህ?»